ሁለት ወንበር ለአራት ሰው

ጅቡቲ ከተማ የበጋው ሙቀት ሲቃረብ ሁለት ነገር ታያለች፤ አቧራ ጭኖ የሚመጣውን የካምሲን ነፋስና የሚሸጡ መኪናዎችን። የሥራ ውላቸው ያበቃ የውጭ አገር ሰዎች ሐሩሩ ሳይበረታ ወደየአገራቸው ለመመለስ ይጣደፋሉ፤ ይዘውት የማይሄዱትን ሁሉ፣ ማቀዝቀዣውንም፣ አልጋውንም፣ መኪናውንም፣ በየሱቁ መግቢያ በሚለጥፉት ቁራጭ ወረቀት ያስነግራሉ። እኔ በሙያዬ የሰው ወረቀት አንባቢ ነኝና እነዚህንም ሳላነብ አላልፍም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሰኔ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ወረቀቶች አነበብሁ። ሁለቱም ስለ አንድ ዓይነት መኪና ነበሩ፤ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5፤ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ተጣጣፊ ሸራ የሆነ ትንሽ የስፖርት መኪና። አንደኛዋ የ1991 ሥሪት ስትሆን ሁለተኛዋ የ2001 ነበረች። (ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹን በዚህ ከተማ ልማድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አንባቢ «በዚህ ሙቀት ክፍት መኪና?» ቢል አልፈርድበትም። ይህች ከተማ የላንድክሩዘርና የሃይሉክስ ከተማ ናት። በሐምሌ ቴርሞሜትሩ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚውልበት አገር ሰው መኪና ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ አየር ማቀዝቀዣው ነው። ባለቤቴ ግን ሙቀቱን አላነሣችም። «ለአራት ሰው ሁለት ወንበር?» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለጋትም፤ ገንዘቡ ስለ ምን እንደተጠራቀመ ሁለታችንም እናውቃለንና። ለአራት ዓመት ያህል ከመሥሪያ ቤት መልስ ሌሊት ሌሊት የተረጎምኋቸው የጭነት ሰነዶች፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶች፣ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ዋጋ ነበር። ድሬዳዋ ያለውን የእናቴን ቤት ቆርቆሮ ልናስቀይርበት አስበን ነበር። እንግዲህ የእናቱን ጣሪያ ገንዘብ ጣሪያ ለሌላት መኪና ሊያውል የሚያሰላ ጎልማሳ ምን ይባላል? እኔም ያን ሰሞን ስሙን እያወቅሁ አልጠራሁትም።

ነገሩ የቆየ ነው። በልጅነቴ ድሬዳዋ ከጎረቤቶቻችን አንዱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ከጅቡቲ በተመለሱ ቁጥር ዕቃቸው የሚጠቀለልበት አሮጌ የፈረንሳይኛ መጽሔት ለእኛ ለልጆቹ ሲሳይ ነበር። በአንዱ ገጽ ላይ አንዲት ቀይ መኪና የፊት መብራቶቿን እንደ ዓይን ገልጣ ቆማለች፤ ከጎኗ ያለው ሌላ ሥዕል ደግሞ ያንኑ ፊት ዓይኑን ጨፍኖ ያሳያል። በሥዕሉ ሥር ከተጻፈው ውስጥ «ፋር» የምትለዋን ቃል በመዝገበ ቃላት ፈለግኋት። መዝገበ ቃላቱ ሁለት ፍቺ ሰጠኝ፤ የመኪና የፊት መብራት፣ እንዲሁም ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የወደብ መብራት ማማ። የትኛውን እንደምመርጥ አላውቅሁምና ሁለቱንም ያዝሁ። በእኔ ዘንድ ያች መኪና ለብዙ ጊዜ በፊቷ ላይ ሁለት የወደብ ማማ ያላት ፍጥረት ሆና ኖረች። ዛሬ እንጀራዬ የሆነው ሥራ የተጀመረው በዚያች ቃል ይመስለኛል።

ስለ መኪናዋ ለማያውቁ ጥቂት ልበል። ነገሩ የተጠነሰሰው በ1979 ነው ይባላል፤ ቦብ ሆል የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ፣ እንግሊዞች ይሠሯቸው የነበሩ ቀላልና ክፍት የስፖርት መኪናዎች እየጠፉ ነውና እናንተ ሥሯቸው ብሎ ለማዝዳው መሐንዲስ ለኬኒቺ ያማሞቶ ሐሳብ አቀረበ። ሥራውን በኋላ የመሩት ቶሺሂኮ ሂራይ ናቸው። መኪናዋ በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ታየች፤ የመጀመሪያው ትውልድ እስከ 1997 ተሠራ፤ ሁለተኛው በእግሩ ተተክቶ እስከ 2005 ዘለቀ። በ2000 ከ530 ሺህ በላይ ተመርታ በዓለም እጅግ የተሸጠች ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ተብላ በጊነስ የክብር መዝገብ ሰፈረች፤ በ2016 ደግሞ ቁጥሯ አንድ ሚሊዮን ደረሰ። ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ነው። ሞተሩ ከፊት ሆኖ የሚገፋት የኋላ እግሯ ነው።

በሁለቱ ትውልዶች መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር ሲታይ ትንሽ ነው። ከሥር ያለው አጥንት ተመሳሳይ በመሆኑ ብዙው መለዋወጫ ከአንዱ ወደ ሌላው ይገባል። የ1991ዋ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ስትሆን ወደ 115 የፈረስ ጉልበት አላት፤ የ2001ዋ በ1.8 ሊትሯ ወደ 145 ትደርሳለች። የቀድሞዋ የኋላ መስኮት ፕላስቲክ ነው፤ በፀሐይ ይቢጫል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ የኋለኛዋ መስታወት ነው። ትልቁ ልዩነት ግን ፊቷ ላይ ነው። እነዚያ የሚነሡና የሚተኙ መብራቶች በሁለተኛው ትውልድ ቀሩ። ክብደት ይጨምራሉ፣ ነፋስ ይይዛሉ፣ መኪና ሰው ቢገጭ ደግሞ ወጥተው የቆሙት ይበልጥ ይጎዳሉ። ምክንያቱ ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔም የምከራከርበት የለኝም። የእኔ መጽሔት መኪና ግን ዓይኗን የምትጨፍነዋ ናት።

ሠሪዎቿ ስለ እርሷ የሚጠቅሷት አንዲት የጃፓንኛ አባባል አለች፤ «ጂንባ ኢታይ»። ቃል በቃል ሰውና ፈረስ አንድ አካል ማለት ነው። እንደ ልማዴ ባማርኛ ምን ይሻላታል ብዬ ጥቂት ቀን ተጨነቅሁ። በኋላ ሳስበው እኛ ነገሩን ከተረጎምነው ቆይተናል። አፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላን አባ ነጋ ስንል የምንጠራቸው በፈረሳቸው ስም ነው። ፈረሱ ሲጠራ ጌታው ይነሣል፤ በሁለቱ መካከል ድንበር የለም። ጃፓኖቹ ስድስት ሲሶ መሐንዲስ አሰልፈው የደከሙበትን ነገር አባቶቻችን በአንዲት «አባ» ጨርሰውታል ብል ግነት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን እንደ ተርጓሚ ደስ አለኝ።

ምርጫውም ቢሆን ለሙያዬ እንግዳ አልነበረም። እናቴ ቤት ያለው መጽሐፍ ቅዱስ በ1954 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የታተመው ነው። እኔ በተማሪነቴ የ1980ውን ትርጉም ገዝቼ ወሰድሁላት። ይበልጥ ግልጽ ነው፣ ዐረፍተ ነገሩም ለጆሮ የቀለለ ነው፤ ያልገባትን ስትጠይቀኝም ከእርሱ አነብላታለሁ። ስትጸልይ ግን እጇ የሚሄደው ወደ አሮጌው ነው። አዲሱ ተሳስቷል ብላ አይደለም። ብዙ ጊዜ የተሻሻለው ሥራ በእውነት የተሻለ ነው፤ ይህን ደጋግሜ ለደንበኞቼ የምናገር ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ የሚሻለውና የምንወደው አንድ የማይሆኑበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ሰው ለራሱ ምን ብሎ ያስረዳ?

ስሜን ይዤ፣ ዋጋ ጠይቄ፣ ሁለቱንም ወደ አምቡሊ ሰፈር ወዳለ አንድ ጋራዥ በተራ አመጣኋቸው። የጋራዡ ባለቤት የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ ሰባ ያለፋቸው፣ ጋሼ የምላቸው። ጋራዣቸው ለእኔ ሁለተኛ መዝገበ ቃላት ነው። አዲስ አበባ የተማረው ረዳታቸው ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፈን ይላል፤ ጣሊያን ትቶልን የሄደው ቋንቋ። የከተማው ተወላጅ ልጅ ያንኑ ቡዢ፣ አምብራያዥ፣ ካፖ ይለዋል። ጋሼ በመካከል ሆነው ለሁለቱም ይመልሳሉ፤ አባታቸው በድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ስለ ሠሩ ሁለቱንም ከልጅነት ያውቋቸዋል። አንድ ቀን ሁለቱ ልጆች ስለ አንድ ፍሬቻ ሲጨቃጨቁ፣ አንዱ ፍሬቻ ሌላው ክሊኞታን እያሉ፣ ጋሼ «አቦ፣ ይብራ እንጂ በፈለጋችሁት ጥሩት!» ሲሉ ሰምቻለሁ።

በመጀመሪያ የመጣችው አሮጌዋ ናት። ጋሼ ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት አወጡ። በኮፈኑ ላይ ለጠፉት፤ ያዘ። በበሩ ላይ፤ ያዘ። በግራ በኩል ከበሩ ሥር በሚሄደው የብረት ሳጥን ላይ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ሲያስጠጉት ግን ማግኔቱ ተንሸራቶ ወደቀ። «ስቱኮ» አሉ። በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ቀለሙ ተሰንጥቆ ቡናማ ዱቄት ፈሰሰ። የነገሩን ምክንያት ያስረዱኝ መሬት ላይ እንደተንበረከኩ ነው። ከሸራው ጣሪያ የሚወርደው ውኃ ከወንበሮቹ ኋላ ባሉ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አልፎ ወደ ታች ይወጣል። ቱቦዎቹ በአቧራ ሲደፈኑ ውኃው መውጫ አጥቶ ወደ ብረት ሳጥኑ ይገባና እዚያው ይተኛል። «እዚህ አገር ዝናብ የለም ይሉሃል» አሉ ጋሼ፤ «አቧራና ጨው ግን አለ። አቧራው ይደፍነዋል፣ ጨው ያዘለው የባሕር አየር ይበላዋል። መኪናዋ የታጠበችበት ውኃ ይበቃል።» ባትላሜራ ጠርተን ብረቱ ተቆርጦ አዲስ እንዲበየድ ካደረግን ትድናለች አሉኝ።

አዲሲቱ ከሁለት ቀን በኋላ መጣች። ማግኔቱ በሄደበት ሁሉ ያዘ። አየር ማቀዝቀዣዋ ይሠራል፤ ቀለሟ ያንጸባርቃል፤ ሞተሯ ድምፁ እንደ ስፌት መኪና የተስተካከለ ነው። ባለቤቷም ጨዋ ሰው ነበር፤ ከገዛት ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሁሉም ያበቃ መስሎኝ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድድ ጋሼ የአሽከርካሪውን ወንበር ወደ ኋላ ገፉና የወለሉን ምንጣፍ አንሥተው በእጃቸው ዳሰሱት። ከወንበሩ ሐዲድ ሥር ጣታቸውን አስገብተው አወጡ። ጣታቸው ላይ እንደ ሽሮ የላመ ግራጫ ጭቃ ነበረ፤ የደረቀ። ከዚያ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለ የሽቦ መጋጠሚያ ነቅለው አሳዩኝ፤ ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል።

«ይቺ ዋኝታለች» አሉ።

በኅዳር 2019 የወረደውን ዝናብ እዚህ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ጎርፉ ሰፈር ለሰፈር ሲሄድ መኪናዎች በየመንገዱ እስከ መስኮታቸው ቆመው ነበር። ያች መኪና ያን ጊዜ የማን እንደነበረች አላውቅም፤ የአሁኑም ባለቤት ሲነገረው ፊቱ ተለዋወጠ እንጂ የደበቀው ነገር ያለ አልመሰለኝም።

እኔም ለጋሼ «እንግዲያስ የትኛዋን ልውሰድ?» አልኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «አቦ፣ ሁለቱም ታመዋል። የዚችኛዋን በሽታ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የዚያችኛዋን አንድ ቀን መንገድ ላይ እሷው ትነግርሃለች። የእኔን ምክር ከፈለግህ ግን ኮሮላ ግዛ።»

ኮሮላ አልገዛሁም። ይልቁንም በሚቀጥለው ዓርብ ማለዳ አሮጌዋን ለሙከራ ወደ አርታ ነዳኋት። ሻጯ ሴት ቁልፉን ሰጥታኝ «ሂድና ተመለስ» ስላለችኝ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ባለቤቴ ገና ካልነቃው ከተማ ወጥቼ ሳልሄድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃችንን ከእንቅልፏ ቀስቅሳ አስቀመጠችልኝ። ምክንያቷን አልነገረችኝም። ሁለት ወንበር ማለት ምን እንደሆነ በዓይኔ እንዳይ ፈልጋ ይመስለኛል፤ ታናሽ ወንድሟ በር ላይ ቆሞ እያለቀሰ ነበርና።

ስለዚች ልጅ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ትምህርቷ በፈረንሳይኛ ነው፤ ጓደኞቿ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ ይናገራሉ። እኔና እናቷ ባማርኛ እንጠይቃታለን፤ እሷ በፈረንሳይኛ ትመልሳለች። ይህ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ልብ አላልነውም። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው እያሻገርሁ የምኖር ሰው በገዛ ቤቴ ማሻገር አቅቶኝ፣ ሁለቱም ወገን ስለሚግባባ ብቻ ነገሩን ትቼው ኖሬአለሁ።

በአንደኛው አውራ ጎዳና የኢትዮጵያ ታርጋ የለጠፉ ከባድ መኪናዎች ገና በጠዋቱ ወደ ጋላፊ ተሰልፈዋል። በመካከላቸው የእኛ መኪና የልጅ መጫወቻ ትመስላለች፤ ዓይናችን የሚደርሰው እስከ ጎማቸው ብቻ ነው። ሾፌሮቹ ከላይ ወደ ታች እያዩን ይስቃሉ፤ አንዱም ክላክስ እየነፋ «ጎበዝ፣ ቀሪውን የት ጣልከው?» አለኝ። መሪዋ ያለ ሞተር እገዛ የሚዞር ስለሆነ በዝግታ ሲኬድ ክንድ ያደክማል፤ ፍጥነት ሲገኝ ግን መንገዱ በእጅ መዳፍ ላይ ይነበባል፤ ጠጠሩ፣ ስንጥቁ፣ የአስፋልቱ ማበጥ። ከዌአ ታጥፈን ወደ አርታ ዳገት ስንጀምር አየሩ ቀዘቀዘ። ማርሽ ሦስት፣ ማርሽ ሁለት፣ ኩርባ፣ እንደገና ሦስት። የኋለኛዋን ከባለቤቷ ጋር ስሞክራት ይህንኑ ሁሉ በበለጠ ፍጥነትና በበለጠ ልስላሴ አድርጋዋለች። በእውነት ለመናገር የተሻለችው መኪና እሷ ነበረች። ባትዋኝ ኖሮ የትኛዋን እመርጥ ነበር? አሮጌዋን ለመውሰድ ሌላ ሰበብ ሳልፈልግላት የምቀር አይመስለኝም።

ልጄ የመብራቱን ቁልፍ አገኘችው። ስትጫነው ሁለቱ ዓይኖች ከኮፈኑ ላይ ብድግ አሉ፤ ደግማ ስትጫነው ተኙ። አሁንም፣ አሁንም። አንድ ነገር በፈረንሳይኛ ጠየቀችኝ፤ ነፋሱ ወሰደውና አልሰማሁም። ጮኬ «ምን አልሽ?» አልኋት፤ ሰው ሲጮኽ የሚጮኸው በአፍ መፍቻው ነው መሰለኝ። እሷም ጮኻ «አባ፣ ለምን ነው የሚተኛው?» አለችኝ። ሁለት መብራት «የሚተኙት» እንጂ «የሚተኛው» አይባልም። የሰው ሰዋስው ስነቅፍ የምውል ሰው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ከዚያም ስለ ነፋሱ፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለዚያ አሮጌ መጽሔት፣ ስለ ወደቡ ማማ እየጮኽሁ ነገርኋት። አርታ ላይ ቆመን የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ከላይ ስናይ አራት ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር፤ አራቱንም ባማርኛ።

መኪናዋን በ600 ሺህ የጅቡቲ ፍራንክ ገዛኋት። ብየዳውና ሌላው ሌላው 180 ሺህ ወሰደ። በተረፈው የእናቴ ቤት ጣሪያ ግማሹ ተቀየረ፤ የምሥራቁ በኩል። የምዕራቡ ከሦስት ዓመት በኋላም አሮጌው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እናቴ ስልክ ትደውልልኝና ስለ ሌላ ነገር ታወራለች። ስለ መኪናዋ አንድ ቀን ብቻ ጠየቀችኝ። «ታዲያ ስትነዳት ደስ ይልሃል?» አለች። ደስ እንደሚለኝ ነገርኋት፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል።

ከግንቦት እስከ መስከረም መኪናዋ በሸራ ተሸፍና ትቆማለች፤ በዚያ ጊዜ የሚነዳት ዕብድ ብቻ ነው። በቀረው ወራት ዓርብ ዓርብ ማለዳ አንድ ልጅ በተራ ይዤ እወጣለሁ። ተራው በማቀዝቀዣው በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ተጽፏል፤ ጽሕፈቱም የእናታቸው ነው። እሷም ሦስተኛ ተራ ላይ ስሟን ያሰፈረችው በሁለተኛው ወር ነው፤ ምንም ሳትናገር።

ባለፈው የካቲት ከአርታ ስንመለስ በምክንያት አመሸን። ታላቋ ነበረች ተረኛዋ። ዌአ ሳንደርስ መሸና መብራቱን ስታበራ የቀኙ ብቻ ተነሣ፤ የግራው እንደተኛ ቀረ። ሞተሩ ተቃጥሎ ኖሯል። ከመንገድ ወጣሁና ኮፈኑን ከፈትሁ፤ ከእያንዳንዱ መብራት ኋላ በእጅ የሚዞር ትንሽ እንቡጥ አለ፤ እርሱን አርባ ጊዜ ያህል ስታዞረው መብራቱ ቀስ እያለ ይነሣል። እኔ ሳዞር እሷ ከፊት ቆማ በስልኳ ታበራልኛለች።

«አባ፣ ጠቀሰችን እኮ» አለችኝ።

እጄን አቆምሁ። በዓይን መጥቀስ የምትለዋን ቃል እኔ አላስተማርኋትም፤ እናቷም ቤት ውስጥ ስትላት ሰምቼ አላውቅም። ከማን እንደሰማችው ጠየቅኋት።

«ከጋሼ» አለች፤ «ጋራዥ። ባለፈው ጊዜም አንዱ ዓይኗ እንቢ ሲል እንደዚያ ነው ያሉት። ቶሎ አዙረው፣ ወባ ትንኝ በላኝ።»